ከካርቱም እስከ ኔልስፕሩት፤ የእግር ኳስ ቡድናችን የውጭ አገር ጉዞና የአጎቴ ቢጫ ካርድ

(በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ ለሆነው ለዚህ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ፣ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ዐድዋ ጦርነት ወይም ስለ ላሊበላ ሕንፃዎች እንድጽፍ መከሩኝ። ምክራቸው መልካም ነበረ። ነገር ግን ስለ ዐድዋና ስለ ላሊበላ ከእኔ የተሻሉ ብዙ ሰዎች ጽፈዋል፤ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ እንኳ ሳይጻፍባቸው ያለፈ ዓመት የለም። እኔ የመረጥሁት ብዙ ሰው ታሪክ ነው ብሎ የማይቈጥረውን ነው። ይኸውም የኢትዮጵያ ሰዎች በውጭ አገር ወደሚደረግ የእግር ኳስ ውድድር ለመሄድ እንዴት ይሰናዱ እንደ ነበረ ነው።

ስለ ኳስ በተወራ ቍጥር ሁሉም የሚያስታውሰው ግቡን ነው። ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ አገባ፣ ዳኛው ምን በደለን ይባላል። ነገር ግን ከግቡ በፊት መንገድ አለ፤ ከመንገዱም በፊት ወረቀትና ገንዘብ አለ፤ ከወረቀቱም በፊት ሰዎች ተቀምጠው የመከሩበት ስብሰባ አለ። ግንብ ሊሠራ ተነሥቶ ወጪውን አስቀድሞ ስላላሰላው ሰው በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ በጠዋት ጸሎታችን ላይ ደጋግመን ሰምተናል። እኔ ግን ይህን ምሳሌ በሰማሁ ቍጥር የሚታየኝ ግንብ ሳይሆን አጎቴ ነው። ምክንያቱን በቦታው እናገራለሁ። መጀመሪያ ወደ ካርቱም እንሂድ።

በ1948 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን ተደርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ተገናኝተው አፍሪካ የራሷ ማኅበርና የራሷ ዋንጫ እንዲኖራት መከሩ። ስምንት ወር ያህል ቈይቶም የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ተመሠረተ። መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያን ወክለው ከተቀመጡት ሰዎች ዋነኛው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

አራት አገር ብቻ ተሰብስቦ የአፍሪካ ማኅበር አቋቋምሁ ማለቱ ለዛሬ አንባቢ ሊያስቀው ይችላል። ነገር ግን የዚያን ዘመን ካርታ ማየት ያስፈልጋል። ሱዳን ነጻ ከወጣች ገና አንድ ዓመት ብቻ አልፏት ነበር። ጋና ነጻነቷን ያገኘችው ከዚህ ስብሰባ በኋላ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ናይጄሪያ፣ ኮንጎ ሁሉም በባዕድ እጅ ነበሩ። ስለዚህ ቡድን መርጦ፣ በራሱ ባንዲራ ሥር፣ በራሱ ፓስፖርት ድንበር አቋርጦ ኳስ ለመጫወት የሚችል አፍሪካዊ አገር በጣት የሚቈጠር ነበር።

የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ሳምንት በካርቱም ተጀመረ። በዕጣው መሠረት ግብፅ ከሱዳን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ እንዲጫወቱ ተወስኖ ነበር። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን በዘር መለያየት ሕግ ይተዳደር ስለ ነበረ፣ ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይም ጥቍሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እልካለሁ እንጂ የተደባለቀ ቡድን አልክም አለ። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም አንድ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ አለፈች።

እዚህ ላይ ትንሽ መቈየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይህ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ገና በተወለደ ሳምንቱ፣ አባላቱ አራት ብቻ የሆኑ ማኅበር ከአራቱ አንዱን ማጣት ማለት ሩቡን ማጣት ነው። ውድድሩም ከሦስት ጨዋታ ወደ ሁለት ወረደ። ዝም ብለን እንቀበላቸውና በኋላ ይስተካከላል የሚል ሰው በዚያ ክፍል ቢኖር ኖሮ ማንም ሞኝ ነህ አይለውም ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን ትንሽ ውድድር ይሻለናል አሉ። የታሪክ መምህራችን የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን ፈጽሞ ያስወጣት በ1968 ዓ.ም. መሆኑን ባስተማሩን ጊዜ፣ ካርቱም ላይ ከተወሰነው ጋር ያለውን ርቀት በደብተሬ ላይ አሰላሁት፤ 19 ዓመት ነው።

የካቲት 9 ቀን የፍጻሜው ጨዋታ ተደረገ፤ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ግብ ያገባው አድ-ዲባ የተባለው አንድ ተጫዋች ነበረ። እንግዲህ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውተን፣ በእርሱም አራት ግብ ገብቶብን፣ ሁለተኛ ወጣን። ይህን ለታናሽ ወንድሜ ብነግረው አላምን አለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ውድድሩ በካይሮ ሆነ። የተጫወቱት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ግንቦት 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ ግንቦት 17 ቀን ደግሞ ሱዳን 1 ለ 0 አሸነፉን። በሁለት የውጭ አገር ጉዞ ሦስት ጨዋታ ተጫውተን፣ ዘጠኝ ግብ ገብቶብን፣ እኛ አንድም አላገባንም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ መቅረት ቀላል ነበረ። አቶ ይድነቃቸው ግን በመቅረት ፈንታ ውድድሩ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ አደረጉ።

አቶ ይድነቃቸው በጅማ የተወለዱ ሲሆን፣ አባታቸው ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ራሳቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫውተዋል፤ ከዚያም የፌዴሬሽን ሰው፣ አሠልጣኝና የአፍሪካ መልእክተኛ ሆነዋል። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የሆነውን ሁሉም ስለሚያውቀው አላስረዝመውም። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን በፍጻሜው ከግብፅ ጋር መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 ዋንጫውን ወሰድን። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አንባቢ ሆይ፣ ጥር 13 የሚለውን ቀን እባክህ አትርሳው።

ከዚያ በኋላ ቡድናችን በ1956 ወደ ጋና፣ በ1958 ወደ ቱኒዚያ፣ በ1962 ወደ ሱዳን ሄዷል። በመካከሉና ከዚያም ወዲህ፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም.፣ እንግዳ ተቀባዮቹ ራሳችን ነበርን። በ1974 ዓ.ም. ወደ ሊቢያ ሄዶ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣ። ይህ ለ31 ዓመት የመጨረሻው ጉዞ ሆነ። አባቶቻችን ልጅ ወልደው፣ ልጆቻቸውም አድገው ልጅ እስኪወልዱ ድረስ ማለት ነው። ስለ እነዚያ ዓመታት የምጽፈው ብዙ የለኝም። ያልተሄደበት መንገድ ታሪክ አጭር ነው።

አሁን ወደ ሠፈሬ ልመለስ።

እኔ ያደግሁት በአቃቂ ቃሊቲ ነው። በ2005 ዓ.ም. እናቴ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ፣ ጠያቂዎች ተራ በሚጠብቁበት አካባቢ፣ ከላስቲክና ከቆርቆሮ በተሠራች ቤት ሻይና ዳቦ ትሸጥ ነበር። ጠያቂ ማለት ለታሰረ ዘመዱ ስንቅ የሚያመጣ ሰው ነው። ምሳ ዕቃ ይዘው፣ በፌስታል ብርቱካን አንጠልጥለው፣ ከሩቅ አገር የመጡ እናቶች ሳይቀሩ በጠዋት ይሰለፋሉ። የእናቴ ሥራ እነርሱን ማሞቅ ነበረ። እኔም የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ብርጭቆ እሰበስብ ነበር፤ እንዲያውም የመጀመሪያ የሒሳብ ትምህርቴ የብርጭቆ ቍጥር ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። ቡድናችን ከአንድ ወር በፊት ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመልሶ ነበር። በዚያ ዕለት በአዲስ አበባ ስታዲየም በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ በባዕድ ሜዳ ባገባናቸው ሦስት ግቦች አለፍን። ከተማው እንዴት እንደ ነበረ እኔ ከማስታውሰው ይልቅ የሰማሁት ይበልጣል። የማስታውሰው የጭነት መኪናዎች በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ጥሩንባቸውን ሳያቋርጡ ሲነፉ፣ አጎቴም እናቴን ከመሬት አንሥቶ ሲያሽከረክራት ነው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን በአቃቂ በአንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። በዚያ ማታ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ አለ። ማንም አላመነውም። ነገር ግን በነጋታው የልደት የምስክር ወረቀቱን ሲፈልግ ተገኘ።

ከጥቅምት 4 እስከ መጀመሪያው ጨዋታ 99 ቀን ነበረው። የአንድ ዓመት ቍጠባውን ለትኬት መደበ፤ ሞተር ብስክሌቱንም ሸጠ። ከሁለት የጋራዥ ጓደኞቹ ጋር ተስማምቶ ፓስፖርት አወጣ፤ ቪዛውንም ጠይቆ አገኘ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቢጫ ወባ ክትባት። ደቡብ አፍሪካ ይህ በሽታ ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ ሁሉ የክትባቱን ቢጫ ካርድ ትጠይቃለች። በቀደመው ዓመት፣ በ2004 ዓ.ም.፣ በዚሁ ካርድ ምክንያት 125 ናይጄሪያውያንን ከጆሐንስበርግ መልሳ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ትልቅ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። እናቴ ይህን ከጠያቂዎች አንዱ ሲያነብ ሰምታ ስለ ነበር በየቀኑ ትነግረው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ መርፌውን ዛሬ ሄደህ ተወጋ» ትለዋለች።

«እትዬ፣ ገና ይለፍ እንጂ፤ በበዓል ሊያተኩሰኝ ነው?» ይላታል።

ገና አለፈ። ጥር 3 ቀን ዓርብ ሄዶ ተከተበ፤ ቢጫዋንም ካርድ ተቀብሎ በኪሱ ከተታት። ጥር 11 ቀን፣ በጥምቀት ዕለት፣ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ደረሰ። ሰነዱን የሚመለከተው ሰው ካርዷን ገልጦ በጣቱ ቀን ቈጠረ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ዐሥር ቀን በኋላ ነውና የአጎቴ ካርድ ሕጋዊ የምትሆነው ጥር 13 ቀን ነበረ። ጥር 13 ደግሞ ጨዋታው ራሱ ነው። ጓደኞቹ በኅዳር ተከትበው ስለ ነበር አለፉ። እርሱ ግን ሻንጣውን ይዞ በሌሊት ታክሲ ወደ ቃሊቲ ተመለሰ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የራሱ ነው። ይህንም ራሱ ይናገራል።

እንግዲህ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በኔልስፕሩት ከተማ በምቦምቤላ ስታዲየም ኢትዮጵያ ከዛምቢያ ጋር ተገናኘች። ልክ በዚያው ዕለት ከ51 ዓመት በፊት ነበር ዋንጫውን በአዲስ አበባ ያነሣነው። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ውድድሩ በመጀመሪያ የተሰጠው ለሊቢያ ሲሆን፣ በዚያ አገር በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ልንጋጠማት ዕጣ የወጣልን፣ የተደባለቀ ቡድን አልክም ብላ የቀረችው ደቡብ አፍሪካ፣ አሁን በሯን ከፍታ ተቀበለችን። ወደ አፍሪካ ማኅበር የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። አቶ ይድነቃቸው ግን ይህን አላዩም። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የዘር መለያየትን ሲታገሉ ቈይተው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር።

ስታዲየሙ ከ40,000 ሰው በላይ የሚይዝ ነው፤ ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቀጭኔ መስለው የተሠሩ ናቸው። በዚያ ቀን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሶ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሄደ አልነበረም። አብዛኛው በዚያው በደቡብ አፍሪካ የሚኖር፣ በጆሐንስበርግ ጄፒ በተባለው መንገድ ዙሪያ የሚነግድ፣ በየገጠሩ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ነው። ከጆሐንስበርግ እስከ ኔልስፕሩት 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስና በትንንሽ መኪና ተጭኖ መጣ።

ስለ እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከመካከላቸው ከሆሳዕናና ከአካባቢው የሄዱት ብዙዎች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ የደረሱበት መንገድ ከአጎቴ መንገድ ጋር አይመሳሰልም። ብዙዎቹ በሞያሌ አድርገው፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ በኩል በደላላ እጅ እየተቀባበሉ፣ በጭነት መኪና ተደብቀው ነው የሄዱት። ከዚያ ጨዋታ ሰባት ወር ያህል አስቀድሞ፣ በሰኔ 2004 ዓ.ም.፣ ከ40 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በታንዛኒያ ዶዶማ ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። እነርሱም ጉዞ ተሰናድተው ነበር፤ ቤተሰባቸው በሬ ሸጦላቸው ይሆናል። ስለዚህ በዚያን ዕለት በቴሌቪዥን ባንዲራ ሲያውለበልብ የታየውን ሕዝብ፣ ለኳስ ብሎ የመጣ ደጋፊ ብቻ አድርጎ ማየት ለእኔ ይከብደኛል። ለብዙዎቹ ከአገራቸው የመጣ ሰው በብዛት ያዩት ከዓመታት በኋላ ያኔ ነበር።

ጨዋታው በእኛ ሰዓት አቈጣጠር በ12 ሰዓት ማታ ተጀመረ። አጎቴ በእናቴ ሻይ ቤት ከጎረቤት በተዋሰው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። ሹፌሮች ነበሩ፣ ተረኛ ያልሆኑ የጥበቃ ሰዎችም ነበሩ። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በረኛችን ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አይቶ ወጣ። በዚህ ጊዜ ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ ያገኙትን ዕቃ ወደ ሜዳ ወርውረው ጨዋታው ቆመ፤ ፌዴሬሽናችንም በዚህ ምክንያት በኋላ የገንዘብ ቅጣት ተቀጣ። እኔ ይህን የጻፍሁት በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ የሚያኰራውን ብቻ መርጦ መጻፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ዛምቢያ አገባች። የቀደመው ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ነበረ፤ እኛም በዐሥር ሰው ነበርን።

በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባ።

እናቴ ሁልጊዜ የምትናገረው ይህን ነው። በሻይ ቤቷ ውስጥ ሁሉም ሲጮኽ፣ ከሌላ ወገን ደግሞ ሌላ ጩኸት መጣ። መጀመሪያ ከመንገዱ መስሏት ነበር። በኋላ ግን ከግንቡ ወዲያ፣ ከማረሚያ ቤቱ ውስጥ መሆኑን ሰማች። እዚያም ውስጥ ይመለከቱ ኖሯል። የውስጡ ድምፅ ከውጭው ይልቅ ረዥም ጊዜ ቈየ ትላለች። አጎቴ ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረም፤ ምግብም በቅጡ አልበላም ነበር። ያንን ድምፅ በሰማ ጊዜ ግን ዝም ብሎ ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ግንቡ ሲመለከት ቈይቶ ተመልሶ ገባና ሻይ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ትኬቱ ሲያማርር አልሰማሁትም።

የቀረውን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ ያውም የእነርሱ በረኛ በቀይ ወጥቶ በዐሥር ሰው እየተጫወቱ። ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ናይጄሪያ በሩስተንበርግ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 አሸነፈች። በሁለተኛው ምት ጊዜ በረኛችን በቀይ ስለ ወጣና ቅያሪያችን ስላለቀ በግቡ መካከል የቆመው የሜዳ ተጫዋች ነበር። ናይጄሪያ በኋላ ዋንጫውን ወሰደች፤ ቡርኪና ፋሶም ሁለተኛ ወጣች። ይህን ለመጽናኛ ያህል የጻፍሁት እንደ ሆነ ተረዱልኝ።

የቢጫ ካርድ ነገር ግን በአጎቴ አላበቃም። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በአገሯ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሕዝቡም ምድባችንን አለፍን ብሎ ጨፈረ። በዚያው ሰሞን ግን አንድ ወሬ መጣ። ቦትስዋና ላይ ከተጫወቱት ልጆች አንዱ ቀደም ብሎ ባያቸው ሁለት ቢጫ ካርዶች ምክንያት በዚያ ጨዋታ መሰለፍ አይገባውም ነበር። ካርዱን የቈጠረ ሰው አልነበረም። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ፤ ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጠ፤ ሦስት ነጥባችንም ሄደ። ሁለት ቢጫ ካርድ መቍጠር የሚያስፈልገው የትምህርት ደረጃ የእኔ ብርጭቆ የሰበሰብሁበት ጊዜ ነው ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

ደግነቱ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ቡድኑ እንደገና አለፈ። ከዚያም በናይጄሪያ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 ተሸነፈ። ወደ ብራዚል ለመሄድ የቀረን ያ ብቻ ነበረ። አጎቴ ለብራዚል ጉዞ ገንዘብ ማስላት ጀምሮ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው ሳቀና መልስ አልሰጠኝም።

በጥር 2014 ዓ.ም. ቡድናችን በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ተመርቶ ወደ ካሜሩን ሄደ። በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። በዚያን ጊዜም ሌላ ካርድ ነበረ፤ ወደ ስታዲየም የሚገባ ሁሉ የኮሮና ክትባትና ከበሽታው ነጻ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት እንዲያሳይ ይጠየቅ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ነው። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንን መለኪያ ስላላሟሉ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድናችን በገዛ ሜዳው ሊጫወታቸው የሚገባውን በርካታ ጨዋታዎች በውጭ አገር ተጫወተ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ከካርቱምና ከካይሮ ጀምሮ ስንት ጊዜ የደበደበችንን ግብፅን! ነገር ግን ጨዋታው የተደረገው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሣንባት ከተማ ልጆች የገዛ ቡድናችንን በአገራችን ለማየት ፓስፖርት ያስፈልገን ነበር። የሠፈሬ ልጆች በዚያ ማታ ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ደስታው ሌላ ሰው ቤት እንደ ተደረገ ሠርግ ሆነብኝ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. የ2027ን ዋንጫ ለኬንያ፣ ለታንዛኒያና ለኡጋንዳ በአንድነት ሰጠ። ይህን ከሰማን ጀምሮ በክፍላችን የምንገኝ 12 ልጆች ዕቁብ ጀምረናል፤ በየወሩ 200 ብር እናዋጣለን። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢም ከዚያ ብዙ አይርቅም። መንገዱ ያው ከሆሳዕና የሄዱት ልጆች የጀመሩት መንገድ ነው፤ እኛ ግን በቀን፣ በአውቶቡስ፣ በመስኮት እያየን ልንሄድበት አስበናል። አንዳንዶቻችን ቡድናችን ባያልፍስ ብለን ተከራክረን ነበር። በድምፅ ብልጫ ቢያልፍም ባያልፍም እንሄዳለን ተብሎ ተወሰነ። የዕቁቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፍሁት የገንዘብ ሒሳብ ሳይሆን የእያንዳንዱን ልጅ የክትባት ቀን ነው።

አጎቴም አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብሏል። አሁን የራሱ ጋራዥ አለው፤ ጸጕሩም ሸበት ብሏል። ያችን የጥር 3 ቀን ካርድ እናቴ ከክርስትና ወረቀቶቻችን ጋር በሣጥን አስቀምጣት ኖራለች። በዚያን ጊዜ ካርዱ የሚያገለግለው ለዐሥር ዓመት ብቻ ስለ ነበረ ጊዜው ያለፈበት መስሎን ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ስል ጠይቄ እንደ ተረዳሁት ግን፣ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም የጤና ድርጅት ደንብ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ይጸናል። ባለፈው እሑድ ይህን ስነግረው ካርዷን ከሣጥኑ አውጥቶ፣ ጠርዟን በጣቱ አስተካክሎ፣ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት።